የቡችላው ማዕረግ

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው በር እያንኳኳ «የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ» ሲል የኖረ ሰው ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ስለረዘመ ሰዉ አሳጠረለት። ሰፈሩ «ጋሽ ቆጣሪ» ይለዋል፤ ሚስቱም ስትናደድ «አንተ ቆጣሪ» ትለዋለች። እናቱ ያወጣችለት ስም መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ብቻ ቀረ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ትከሻው ላይ ቦርሳ ያንጠለጥላል፤ ቦርሳው ውስጥ የሣጥን ክዳን የሚያነሳበት የብረት መንጠቆ፣ መስታወቱን የሚወለውልበት ጨርቅና የማይጽፍ እስክሪብቶ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ የሚጽፍ እስክሪብቶ አለ። ቁጢጥ ይልና ክዳኑን ያነሳል፣ መስታወቱን ይወለውላል፣ ቁጥሩን ጮክ ብሎ እያነበበ ይጽፋል። ጮክ የሚለው ለማንም አይደለም፤ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑም የሚበረታ ይመስለው ነበር።

የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ከቆጣሪው በፊት ያለው ነው። ከበሩ እስከ ቆጣሪው ባለው አሥር እርምጃ ውስጥ ውሻ አለ። ጋሽ ቆጣሪ የሰፈሩን ውሾች ከነባሕርያቸው ያውቃቸዋል። አራት ጊዜ ተነክሷል። ሁለቱ ግራ ባቱ ላይ፣ አንዱ ቀኝ ባቱ ላይ ነው፤ ሱሪውን ጠቅልሎ ለጠየቀው ሁሉ ያሳያል። አራተኛውን ያየው ሐኪም ብቻ ነው።

በእነዚያ ዓመታት የውሻ ስም ምን ያህል ቀጣፊ እንደሆነም አይቷል። አንድ ግቢ ውስጥ «አንበሳ» የሚባል ጥጃ የሚያክል ውሻ ነበር፤ ሰው ሲገባ በጀርባው ተንጋሎ ሆዴን እከኩልኝ ይላል። ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው «ነብሮ» ደግሞ ድመት ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል። ግራ ባቱን ዘንጥሎ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ያዋለው ግን «ከረሜላ» የተባለ፣ ጥጥ የመሰለ፣ ቁመቱ ከጫማ የማይበልጥ ውሻ ነው።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት፣ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደከተተ ወደ ግቢው ሲወጣ ከበሩ አጠገብ ውሃ ሽቅብ ሲፈናጠር አየ። ሌባ ቆጣሪውን ፈትቶ ወስዶታል። ሃያ ሰባት ዓመት የሰው ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው የራሱን ቆጣሪ ተሰረቀ።

ሚስቱ ያገኘችውን ሁሉ ጨርቅ ቧንቧው ላይ እየጠቀጠቀች በአጥሩ በኩል ለጎረቤት «ቆጣሪ ተሰርቆብን ነው» አለች። ወሬው ሦስት ቤት ሳይሻገር መልኩን ቀየረ። ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ትቶ እየሮጠ መጣና ጋሽ ቆጣሪን ከእግር እስከ ራሱ ርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«አለህ እንዴ?» አለው እያለከለከ።

«የት ልሂድ?»

«ተሰረቀ ብለውኝ እኮ ነው። እኔም እሱን ወስደው ምን ሊያደርጉት ነው ስል ነበር።»

መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ሲያመለክት ደግሞ የድሮ ባልደረቦቹ ከየክፍሉ እየወጡ ታሪኩን እንደ አዲስ አስተረኩት። ኃላፊው ሳቁን በመሐረብ ሸፍኖ አዲስ ቆጣሪ ፈረመለት። ያን ቀን ቤቱ ሲመለስ ፊቱ ጥላሸት መስሎ ነበር።

«ውሻ ያስፈልገናል» አለች ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ የምትናገረውን ሁሉ የምትናገረው መኪናው እየሄደ ስለሆነ ለቃሏ መልስ መስጠት ይከብዳል።

«በዚህ ቤት ውሻ አይገባም። እኔ ከውሻ ጋር ሃያ ሰባት ዓመት ጦርነት ላይ ነበርኩ።»

«ጡረታ ወጥተሃል። ጦርነቱ አብቅቷል።»

በሳምንቱ ሚስቱ ከደንበኞቿ ወደ አንዷ፣ ወደ አንዲት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ቤት ሄዳ ስትመለስ የቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢቷ ይንቀሳቀስ ነበር። ከፍታ ወለሉ ላይ ስትዘረግፈው ከቀይና ከሰማያዊ ቁርጥራጭ መሐል ቡናማ ቡችላ ወጣ። አንዱ ጆሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ሌላው ተኝቷል። ሆዱ ከበሮ ነው።

«ወንድ ነው» አለች፣ ነገሩ በዚያው እንዳለቀ ሁሉ።

ጋሽ ቆጣሪ ክንዶቹን አጣምሮ ከላይ ተመለከተው። ቡችላው እየተንገዳገደ መጥቶ ጫማውን አሸተተ፤ ከዚያ ጫማው ላይ አገጩን ጣል አድርጎ ተኛ። ሰውዬው እግሩን ማንሳት ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም። እንደቆመ አሥር ደቂቃ አለፈ። እግሩ ሲደነዝዝ እጁን ሰጠ።

«ይቀመጥ» አለ። «ስሙን ግን የማወጣው እኔ ነኝ።»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቷት ነበር። የትልቋን ልጃቸውን ስም ያወጣችው የእሱ እናት ናት። ታናሿ ስትወለድ ደግሞ እሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ልጅቷ ስም ነበራት፤ የሚስቱ እህት ሰጥታታለች። እሱን ራሱን ሰፈሩ ሰየመው። እድሜ ልኩን ሌሎች ያወጡትን ስም ሲጠራ ኖሯል።

«እሺ» አለችው፤ «አንተው አውጣለት።»

ስሙ ጠንካራ መሆን አለበት። ይህን ሲል ስም ውሻን ይለውጣል ብሎ አይደለም፤ ከረሜላን ያየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያስብም። የስም ሥራ ሌባው ላይ ነው። ሌባው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ባለቤቱ ውሻውን ሲጠራ ይሰማል፤ ገና ያላየውን ውሻ በስሙ ይገምተዋል። ስለዚህ ስሙ አጭር ሆኖ ጠ፣ ቀ ወይም ጨ ሊኖርበት ይገባል፤ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ጠጠር የሚሰበር ድምፅ የሌለው ስም ለወንድ ውሻ አይሆንም። «በል እስቲ ‹ሙሉ› ብለህ ሌባ አስፈራራ» ይላል።

አሮጌ የንባብ ቅጽ ገልብጦ ጀርባው ላይ ስም መጻፍ ጀመረ። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታናሿ ልጁ ለምሳ መጥታ ከትከሻው በላይ ታነባለች።

«ጠብመንጃ» አለ።

«ይረዝማል» አለች ሚስቱ ከመኪናዋ ሳትነሳ። «ጠርተህ እስክትጨርስ ሌባው አጥሩን ዘሎ ይሄዳል።»

«ቆራጥ።»

«ቆራጭና ሰፊ እዚህ ቤት እኔ ነኝ። አንተ ስትጣራ እኔ ብመጣስ?»

«ቁጡ።»

«አባዬ፣ እሱማ አንተ ነህ» አለች ልጁ።

«ጥይት።»

ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታውን እንደ ድምፅ ብልጫ ቆጠረው። አጭር ነው፤ ሲወጣም ከአፍ ተፈትልኮ ነው። ነገር ግን ስም በቤት ውስጥ አይመዘንም፤ ከውጭ እንዴት እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡችላውን አስከትሎ በሩን ከፍቶ ወጣ። ቡችላው መንገዱ ላይ ቢራቢሮ አይቶ ገሰገሰ። ጋሽ ቆጣሪም ደረቱን ነፍቶ ባለ በሌለ ድምፁ «ጥይት፣ ጥይት» እያለ ተከተለው።

አትክልት ሻጯ ጠረጴዛዋ ሥር ገባች። ቲማቲሟ ተንከባለለ። ፀጉር አስተካካዩ የሱቁን የብረት መዝጊያ በአንድ ጊዜ ወደታች ለቀቀው፤ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛ ውስጥ ቀረ፣ ምላጩን የያዘው አስተካካይ ውጭ ቀረ። አንድ ብስክሌተኛ ብስክሌቱን ለቆ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ለተወሰነ ጊዜ መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ቢራቢሮዋና ቡችላው ነበሩ።

ቲማቲሙን እየለቀመ ለሁሉም አስረዳ። ሁሉም በትህትና ሰሙት፤ አትክልት ሻጯ ብቻ «ጋሽ ቆጣሪ፣ የሚጠራ ስም አውጣለት፣ የሚተኮስ አይሁን» አለችው።

እንዲህ ተዋርዶ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ በሦስተኛው ቀን ፊቱን ሲታጠብ አንድ ስም ብልጭ አለለት። ሻለቃ። ሻ ላይ ያንሸራትታል፣ ለ ላይ ይለዝባል፣ ቃ ላይ ሲደርስ ግን በር በኃይል እንደተዘጋ ነው። በዚያ ላይ ሥልጣን አለበት። ሰው መንገድ ላይ ቢሰማው ቀና ይላል እንጂ አይተኛም። ሚስቱም ወደደችው። «ክብር አለው» አለች።

ሦስት ቀን ሙሉ ግቢው በማዕረግ ተሞላ። «ሻለቃ፣ ና ብላ።» «ሻለቃ፣ ከዩኒፎርሙ ላይ ውረድ።» «ሻለቃ፣ ምንጣፉ ላይ የሸናኸው አንተ ነህ አይደል?» ቡችላው ለአንዱም ጥሪ አይመልስም፤ ሰሃን ሲነካ ድምፁን ሰምቶ ብቻ ይመጣል።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤት ከወታደር ቤት በጡረታ የወጡ ሻምበል ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ጽጌረዳቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ጋሽ ቆጣሪ በእነዚያ ሦስት ቀናት ወደ አጥሩ ማዶ ቢመለከት ኖሮ፣ «ሻለቃ» በተባለ ቁጥር የውሃ ማጠጫው አየር ላይ ቀጥ ሲል ባየ ነበር።

በአራተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ሻምበሉ ናቸው። ኮት ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል።

«ይግቡ እንጂ፣ ሻምበል።»

«እዚሁ ይበቃኛል። ጸብ ፍለጋ አልመጣሁም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሻለቃ ትናንት ከሰዓት የት ነበር የሸናው?»

ጋሽ ቆጣሪ ግራ ገባው። «ምንጣፉ ላይ» አለ።

«ሰምቻለሁ። ሰፈሩም ሰምቷል።» ሻምበሉ የኮታቸውን ቁልፍ ነካ አደረጉ። «እኔ ሃያ አራት ዓመት አገልግዬ በሻምበልነት ነው የወጣሁት። ለሻለቃነት ሁለት ጊዜ ታጭቼ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። አሁን አጥሬ ሥር አራት ወር ያልሞላው ቡችላ ይበልጠኛል። በደንቡ ከሄድን ጠዋት ሳየው ሰላምታ መስጠት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ቆጣሪ የቀልድ ምልክት ፍለጋ ፊታቸውን መረመረ። አጣ። ጆሮው ድረስ ጋለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ውስጥ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?» አለች ሚስቱ ከመስኮቱ።

«ከሥር ይጀምር። እንደ ሰዉ።»

ጋሽ ቆጣሪ እያፈረ ስለ ጠ፣ ስለ ቀና ስለ ጨ አስረዳቸው። ስም ውስጥ ጠጠር ከሌለ ሌባ እንደማይደነግጥ፣ ሻለቃንም የመረጠው ለማዕረጉ ሳይሆን ለቃው መሆኑን ተናገረ። ሻምበሉ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው እንደ ጦር ሜዳ ሪፖርት አዳመጡት።

«ችግሩ ቃ ነው?»

«ዋናው እሱ ነው።»

«አሥር አለቃም ቃ አለው።»

ጋሽ ቆጣሪ በጣቶቹ ቆጠረ። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ። ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በ‹ቃ› የተነጠፈ ነበር፤ እሱ ዘሎ ጫፉ ላይ ወጥቶ ነው።

«በእርግጥ ተራ ወታደር ሆኖ ነበር መጀመር ያለበት» አሉ ሻምበሉ፤ «ለአጠራር ስለማይመች ይህቺን አልፌለታለሁ።»

«ሲያጥርስ?» አለ ጋሽ ቆጣሪ። «ሌባ በሚቸኩልበት ጊዜ?»

«አለቃ ብትለው ይበቃል።»

«ስሙን ይውሰድ» አለች ሚስቱ መኪናዋን እንደገና እየረገጠች። «ሥራውን ግን አይነካብኝም። እዚህ ቤት አለቃ አንድ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻምበሉ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ቡችላውን ማሠልጠን ያዙ። ቁም ይሉታል፤ ይቀመጣል። ተቀመጥ ይሉታል፤ ይተኛል። ተኛ ሲሉት ቀድሞ ተኝቶ ስለሚያገኙት በዚህ ትእዛዝ ረገድ እንከን የለሽ ነው ብለው መሰከሩለት። ወራት አለፉ፤ የተኛው ጆሮ አልተነሳም፤ አካሉ ግን ገዘፈ። ጸባዩ ነው ያስቸገረው። ቆሻሻ ሰብሳቢውን ይልሳል። አትክልት ሻጯን ሲያይ መላ ሰውነቱ ጅራት ይሆናል። ጋሽ ቆጣሪ አንጀቱ አረረ። ሌባ ቢመጣ ውሻው መፍቻ እንዳያቀብለው ሰጋ።

አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳና የወጣት ሴት ድምፅ «ቆጣሪ ለማንበብ ነው፤ ውሻ አለ?» አለ።

ጋሽ ቆጣሪ ልቡ ተነካ። ያቺ «ውሻ አለ?» ከገዛ አፉ ስንት ሺህ ጊዜ እንደወጣች እሱ ያውቃል። በሩን በሰፊው ከፈተ። እሱን የተካችው አንባቢ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ፣ እግሯ ላይ ጥሩ መሮጫ ጫማ። አለቃ ሮጦ ሄዶ ጫማዋን ላሰ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እሱ ሰው አይነካም» አላት። ይህን ዓረፍተ ነገር ከውሻ ባለቤቶች ሲሰማ ኖሮ አንድም ቀን አምኖት አያውቅም። ዛሬ ግን ከልቡ ነው የተናገረው።

የቆጣሪው ሣጥን ክዳን ዝጎ ተጣብቋል። ልጅቷ በጣቶቿ ታገለች፤ አልሆነም። «ቆይ» አለና ገብቶ የድሮ መንጠቆውን አምጥቶ ቁጢጥ አለ። መንጠቆውን አስገብቶ ሳበ። ብረቱ ሲጢጥ አለ። ክዳኑ ሲነሳ ጋሽ ቆጣሪ አንገቱን ወደ ሣጥኑ ደፋ።

አለቃ ምን እንዳሰበ የሚያውቅ የለም። የልጅቷን ጫማ ተወ፤ ሁለቱም ጆሮዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት ቆሙ። ከዚያ ያለ ምንም ጩኸት መጥቶ ጌታውን ከኋላው፣ ቁጢጥ ያለ ሰው በሚያቀርበው ሰፊ ስፍራ ላይ ነከሰው፤ ነክሶም ያዘ።

ጋሽ ቆጣሪ ያወጣው ድምፅ ሻምበሉን ከነውሃ ማጠጫቸው አጥሩ ላይ አደረሳቸው።

«ማንን ነው?» አሉ።

«እኔን» አለ ጋሽ ቆጣሪ ሣጥኑ ውስጥ እያየ። «አስለቅቁኝ።»

«ምን ስታደርግ?»

«ክዳን ስከፍት።»

«የቆጣሪውን?»

«የቆጣሪውን፣ ሻምበል። እባክዎ።»

ሚስቱ ወጥታ የምግቡን ሰሃን በማንኪያ ስትመታ አለቃ ለቀቀውና ወደ እሷ ሄደ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈች ነበረች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ከፍርሃት ይሁን ከሳቅ አይለይም። ሻምበሉ ግን ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ሃምሳ አለቃ» አሉ ከአጥሩ በላይ፣ ሰልፍ ፊት እንደቆመ ሰው።

«ጌታውን ነክሶ?» አለ ጋሽ ቆጣሪ ሱሪውን ይዞ። «ለዚህ ይሾማል?»

«የተሰጠው ትእዛዝ ቆጣሪውን ጠብቅ ነው። ሰው አማርጥ አልተባለም።»

ልጅቷ በዚህ ጊዜ አልቻለችም፤ ሳቋ አመለጣት። ጋሽ ቆጣሪም ሊቆጣ ጀምሮ መሐል ላይ ሳቀ፤ ሲስቅ የተነከሰው ቦታ ስለሚያመው እያቃሰተ ነበር የሚስቀው። ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበላት፤ መቀመጥ ባይችልም ዓይኑ ግን ምንም አልሆነም።

ሃምሳ አለቃ በዚያው ደረጃ ከዓመት በላይ ቆየ። ሌባ አልመጣም። ቆጣሪው አልተነካም፤ ከገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ እንኳ አልጠፋም። አንድ ጠዋት ሁለቱ ጡረተኞች አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ውሻው ፀሐዩ ላይ ተንጋሎ ሲያዩት፣ ጋሽ ቆጣሪ የመቶ አለቃነቱን ጉዳይ አነሳ።

«በምን ሥራው?» አሉ ሻምበሉ። «ምን ያዘ? ማንን አባረረ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አይሆንም። ወረቀቱ ላይ ምን ብለን እንጽፋለን?» አሉና ጽጌረዳቸው ወዳለበት አቅጣጫ ተመለከቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ። «እኔን መጋዘን ላይ አስቀምጠውኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት። ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ ድንኳን። አንድ ዘለላ ክር አልጠፋብኝም። ሌላው መጋዘን ሁለቴ ተዘረፈ፤ የዚያኛው ጠባቂ ሌባ አሯሩጦ እግሩ ተሰበረና ሻለቃ ሆነ። እኔ ጋ ሌባ አልመጣም። ሌባ ስላልመጣ ወረቀቴ ላይ የሚጻፍ ጠፋ። ሁለተኛ ስታጭ የመጣው መርማሪ ‹እዚህ ምን ተፈጠረ?› አለኝ። ምንም አልኩት። ፋይሉን አጠፈና ሄደ።»

 ጋሽ ቆጣሪ አጽናኝ ቃል አያውቅበትም፤ እድሜውን ቁጥር ነው ያነበበው። ተነስቶ ወደ ቤት ገባ። በሚስቱ ጆሮ የሆነ ነገር አንሾካሾከ። የስፌት መኪናው ትንሽ ጊዜ ተንቀጫቀጨና ቆመ።

ሲመለስ ከሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ የተሰፋ አንገት ማሰሪያ ይዟል፤ በነጭ ክር ጠርዝ ወጥቶለታል። ውሻው አጠገብ ተንበርክኮ አሰረለት።

«ወረቀቱ ላይ እንዲህ ብለን እንጽፋለን» አለ። «አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጠበቀ። በጠበቀበት ጊዜ ምንም አልጠፋም። መቶ አለቃ።»

 ሻምበሉ መሐረብ ፈልገው አጡ። ከዚያ ተነሱ፤ ኮታቸውን ወደታች ሳብ ሳብ አደረጉ፤ ተረከዛቸውን አጋጥመው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ።

መቶ አለቃ አንድ ዓይኑን ከፈተ። ተነስቶ መጣና በጎን የተንጠለጠለውን ሌላውን እጃቸውን አሸተተ። የሚበላ ነገር አልያዘም። ተመልሶ ፀሐዩ ላይ ተኛ።